ስለ ውሸቴ የሰገደች ልጅ

ወሬ አልወድም የምትል ሴት ካጋጠመቻችሁ እኔ አይደለሁም። ስፌት ቤቴ አዘዞ ነው፣ አስፋልቱ ዳር። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሰው የቤቱን ጉዳይ ሳይነግረኝና የቤቴን ጉዳይ ሳይሰማ አይወጣም። ባለቤቴ «ከስፌት ማኪናሽ ይልቅ አፍሽ ይፈጥናል» ይለኛል፤ እውነቱን ነው። በዚያ ሰሞን ደግሞ የማወራው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ስለ ልጄ።

ባለቤቴ መሪጌታ ነው፤ በሰፈራችን ደብር ዜማ ያስተምራል። ያለችን ልጅ አንዲት ናት፤ ያኔ አሥራ ሁለተኛ ዓመቷን ይዛ ነበር። የጎረቤት ልጆች ስልክ ላይ ተደፍተው ሲውሉ የኔዋ ከእመቤታችን ሥዕል ፊት ቆማ ትጸልያለች። መኻል ላይ ሐሳቧ ከሄደ «አልሆነም» ትልና ከመጀመሪያው ትጀምራለች። ታማትባለች፤ ትንሽ ታስብና እንደገና ታማትባለች። እጇን ሳትታጠብ የጸሎት መጽሐፏን አትነካም፤ ከታጠበችም በኋላ አልጠራም ብላ ትመለሳለች። የእጇ ቆዳ ሲሰነጣጠቅ ቫዝሊን እቀባታለሁ፤ እየቀባሁም ለደንበኛ አወራለሁ። «ይችን ልጅ ወለድኳት አልልም፤ ተሰጠችኝ እንጂ» እላለሁ። ልጇ ከስልክ አልላቀቅ ላለባት ጎረቤቴ ደግሞ ምክር ቢጤ ጣል አደርግላታለሁ። «እኔ እኮ አንድ ቀን ጮኼባት አላውቅም፤ አስተዳደግ ነው እቴ» ያልኳትን ሳስታውስ አሁንም ፊቴ ይግላል።

ወሬው ሥራውን ሠራ። ፈተና የደረሰባት ተማሪ፣ ባሏ መንገድ የወጣባት ሴት፣ እግሩን ያመመው ሽማግሌ፣ ሁሉም ስፌት ቤቴ ብቅ እያለ «ልጅሽ በጸሎቷ ታስበኝ» ይላል። እኔም ማታ ስማቸውን እዘረዝርላታለሁ፤ ኩራቴ ለጉድ ነው። አንዱን ስም ከዘለለች ተነሥታ ከመጀመሪያው የምትጀምር መሆኗን አላውቅም ነበር። በዚያች ትንሽ ጫንቃዋ ላይ የሰፈሩን ጭንቅ ሁሉ እየጫንኩ ተመስገን እል ነበር።

በኛ አገር ፍልሰታ የልጆች ጾም ነው። ነሐሴ ሲገባ ትምህርት ቤት ዝግ ስለሆነ ልጄን ይዤ ከዳባት በላይ ታላቅ ወንድሜ ዘንድ ወጣሁ። ደጋ ነው፤ በክረምት ጉሙ ከቤት ደጃፍ አይነሣም። ልጆቹ ቅዳሴ እስኪወጣ እህል ውሃ ሳይቀምሱ ይውሉና ይቆርባሉ። ለሚቆርብ ሰው ደግሞ ሕጉ ጥብቅ ነው፤ ሳያስበው ዝንብ እንኳ አፉ ቢገባ የዚያን ዕለት አይቀበልም። ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም።

አንድ ቀን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዳገቱን ስንወጣ ዝናብ ያዘን። እኔ ከወንድሜ ሚስት ጋር በአንድ ጃንጥላ ነበርኩ፤ ልጄ ነጠላዋን ተከናንባ ከኋላችን ትመጣለች። ቀሚሴን ሳብ አደረገችው። «እማ» አለች። «ቆይ፣ ከሰው ጋር እያወራሁ አይደል?» አልኳት። የማወራው ስለ እሷ ነበር። ደግማ አልጠራችኝም። ቅዳሴው አልቆ ከልጆቹ ጋር ተሰልፋ ስትቆርብ እንባዬ መጣ፤ የደስታ እንባ ነበር።

ፍልሰታ ሲፈታ ወንድሜ በግ አረደ። ልጄ አልበላም አለች። ወንድሜ ትክ ብሎ አያትና «ሸጋ ልጅ ናት፤ ግን ምነው ፊቷ ጠቆረ?» አለኝ። «አያ፣ የጾመ ሰው ፊት እንዴት ሊሆን ነበር?» ብዬ አፉን አስያዝኩት። ለመጣው ሰው ሁሉ «ጾሟን ጨምራለች» እያልኩ ነገርኩ፤ ሰዉም ከንፈሩን እየመጠጠ አደነቀልኝ።

አዘዞ ከተመለስን በኋላ ስግደት ጀመረች። ሳትሰግድ እህል አትቀምስም፤ ስግደቷም አያልቅም። እሑድ አይሰገድምና የእሑዱን ለሰኞ ታሳድራለች። ትምህርት ቤት እየረፈደባት፣ ክፍል ውስጥ እንቅልፍ እየጣላት መምህሯ አስጠራችኝ። መክሰሷን እንደማትበላ ነገረችኝና ጉልበቷን አይቼው እንደሆነ ጠየቀችኝ። «አጥር የሚዘለውን ሁሉ ትታችሁ የጸለየችውን ልጅ ነው የምትከሱት?» ብያት ነገሯን ሳትጨርስ ወጣሁ። ቤቴ እስክደርስ ስነጫነጭ ነበር።

ዓይኔን የገለጠው የገዛ ሥራዬ ነው። የዩኒፎርሟ ቀሚስ ሰፍቷት ስለነበር ወገቡን አጠበብኩላት። ምንም አላሰብኩም፤ ለሰው ሁሉ የምሠራው ነገር ነው። ጥቅምት ላይ «እማ፣ ቀሚሱ አሁንም ይወርዳል» ብላ መጣች። ሜትሬን ወገቧ ላይ ሳዞር ካለፈው ልክ ብዙ ጎድሎ አገኘሁት። ቀሚሱን አውልቃ ቆማ ነበርና ጉልበቷን አየሁት፤ ጠቁሯል፣ ቆስሏል። እንዲህ ያለ ልጅ ሌላ ሰው ይዞ ቢመጣ «ምን ዓይነት እናት ናት ያለቻት?» ብዬ ሰፈር ለሰፈር አወራው ነበር፤ አፌን አውቀዋለሁ።

አስቀምጬ ስጠይቃት ነገረችኝ። በዚያ ዝናብ ቀን አንዲት ጠብታ ውሃ ከንፈሯ ላይ አርፋ ሳታስበው ዋጠቻት። ቀሚሴን የሳበችው ልትነግረኝ ነበር። ከዚያ ቆረበች፤ ከዚያ ወዲህ እሳት የበላች ይመስላታል። «ሰግጄ ሳልጨርስ ከበላሁ አይቆጠርልኝም፤ ስሰግድ ደግሞ ሐሳቤ ይሄዳል፤ እንደገና እጀምራለሁ» አለችኝ። «ታዲያ ምነው ኋላ እንኳ ሳትነግሪኝ?» አልኳት። ዝቅ ባለ ድምፅ «ለሰው ሁሉ ቅድስት ናት እያልሽ ታወሪ ነበር» አለች። አፈርኩ። የገዛ ልጄን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

በማግስቱ ንስሐ አባታችን ዘንድ ወሰድኳት፤ ሽማግሌ ቄስ ናቸው። ጎንበስ ብለው ሰሟትና «ልጄ፣ ሳታስቢው ነው፤ እግዚአብሔር ይፍታሽ» ብለው በመስቀላቸው ባረኳት። ፊቷ በራ። ከቅጥሩ በር ስንደርስ ቆመች። «እማ፣ ዋጥኩት ማለቴን ሰምተዋል? ነካኝ ያልኩ መስሏቸው ቢሆንስ?» ተመለስን። እንደገና ፈቷት። ባጃጅ ልንሳፈር ስንል እንደገና ቆመች። ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ ስንመላለስ ሰነበትን፤ እኔም እየሰለቸኝ፣ እየተቆጣሁ መጎተት ጀምሬ ነበር።

በመጨረሻ አባ እሷን ከዛፉ ሥር አስቀምጠው ለብቻዬ ጠሩኝ። «ልጄ፣ ኃጢአት ሲናዘዙት ይቀላል። የዚች ልጅ ነገር ግን በፈታኋት ቁጥር እየባሰ ነው። ይህ ሕመም ነው። እኔ ጸሎቴን አልተውም፤ አንቺ ግን ሆስፒታል ውሰጃት» አሉኝ። «አባ፣ አእምሮዋን ነው የሚሉኝ?» አልኳቸው። «እሱን ነው ልጄ» አሉ።

ለባለቤቴ ስነግረው የያዘውን መቋሚያ ግድግዳ አስደግፎ ተቀመጠ። «የመሪጌታው ልጅ አበደች ይበሉን?» አለ። ያንን ቃል እኔም በሆዴ ይዤው ነበር፤ ከእሱ አፍ ሲወጣ ግን ጠላሁት። እንዲያም ሆኖ ተከራክሬ አልወሰድኳትም። ነገ፣ ከነገ ወዲያ ስንል ኅዳር ገባ። እኛ የፈራነው ሕመሙን አይደለም፤ በአእምሮ ሕክምናው ክፍል በር ላይ ያለውን አግዳሚ ወንበር ነው፤ አላፊ አግዳሚው ማን እንደተቀመጠበት የሚያየውን። ልጃችን ግን በየቀኑ እየሳሳች ነበር። ሁለታችንም ይህን እያየን ዝም አልን።

የወሰድኳት ቀን ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ ነው የሄድኩት። ካርድ አውጥተን ወረፋ ይዘን ተቀመጥን። ተራችን ሊደርስ ሲል በየወሩ ጽዋ አብረን የምንጠጣ የማኅበራችን ሴት በኮሪደሩ ስትመጣ አየኋት። ፊቴን ብሸፍን ጫማዬን አላጣችውም። «ምነው እቴ፣ ምን ሆነሽ ነው እዚህ?» አለችኝ። «ዓይኔን አሞኝ ነው፤ ክፍሉ ጠፍቶኝ ተቀመጥኩ» አልኳት። እንድታምነኝ አንዱን ዓይኔን ጨፈን አድርጌ አሳየኋት።

ሴትዮዋ ደግሞ ሩኅሩኅ ናት፤ መከራዬ። «ውይ እታለም፣ እንዲህ ሆነሽ ከሕፃን ጋር ብቻሽን?» ብላ እጄን ያዘችኝ። እንደ ዓይነ ስውር እየመራች፣ ደረጃ ሲኖር «ቀስ» እያለች ዓይን ክፍል አደረሰችኝ። ወንበር ፈልጋ አስቀመጠችኝና አጠገቤ ተቀመጠች። ልጄ ከኋላ ስትከተለን ቆይታ መጥታ ቆመች። ሴትዮዋ «እናትሽን ደግፊያት የኔ ልጅ» ስትላት «እሺ» አለች። እኔ ዓይኔን እያሸሁ ስለ ዓይኔ ሕመም ስተርክ ቆየሁ፤ ወሬ መቼ ይቸግረኝና። ሴትዮዋ ስትሄድልኝ ብንመለስ ስማችን ተጠርቶ አልፏል፤ የዕለቱም ሕክምና አብቅቷል።

ቤት እንደገባን ልጄ መስገድ ጀመረች። «ዛሬ ደግሞ ስለ ምኑ ነው?» አልኳት በብስጭት። «ስለ አንቺ ነው» አለች። «እኔን ለመሸሸግ ዋሸሽ። ስለዚህ ውሸቱ የኔ ነው።» ተይ አልኳት፤ ልይዛት ሞከርኩ፤ እየተንቀጠቀጠች ከእጄ ወጣች። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። አንድ ጊዜ ጎንበስ እንዳለች ሳትነሣ ቀረች። ግንባሯ ከሲሚንቶው ጋር ሲጋጭ የተሰማው ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። አንስቼ ተሸክሜያት ስወጣ ፊቴን መሸፈን ትዝ አላለኝም።

ሆስፒታል ተኛች። ሰውነቷ ትንሽ ጠና ሲል የአእምሮ ሕክምና ነርሷ፣ ሁላችንም ሲስተር የምንላት ወጣት ሴት፣ እኔንና ባለቤቴን አስቀምጣ አስረዳችን። ልጅም እንደ ትልቅ ሰው አእምሮው ይታመማል አለችን። የሕመሙን ስም በእንግሊዝኛ ነገረችኝ፤ አልያዝኩትም። የያዝኩት ይህን ነው፤ አንድ ፍርሃት ይመጣና አልለቅ ይላል፤ ልጁ ፍርሃቱን ለማባረር አንድን ነገር ይደጋግማል፤ በደጋገመ ቁጥር ፍርሃቱ ይበረታል። «ጸሎቷ አይደለም ያሳመማት፤ ሕመሙ ነው ጸሎቷ ውስጥ የገባው» አለች። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ እንባው ወረደ።

መድኃኒት ተጀመረላት፤ ሥራም ተሰጣት። ሐሳቧ ቢሄድም ጸሎቷን እንዳትደግም፣ ቀድማ እንድትበላ፣ ፍርሃቱ ሲመጣ ምንም ሳታደርግለት እንድትቀመጥ። ሲስተሯ ከንስሐ አባታችን ጋር በስልክ ተነጋግራ ነበርና እሳቸውም ያንኑ አዘዟት። ለኔም ሥራ ተሰጠኝ። «እማ፣ ኃጢአት ነው?» ስትለኝ «አይደለም» እያልኩ እንዳላባብላት፣ ማባበሉም ፍርሃቱን ያበረታዋልና፣ «አላውቅም» ብዬ ዝም እንድል። ዝም ማለት፣ እኔ። አንዳንድ ቀን ወደ ጓዳ ገብቼ ነጠላዬን ነክሼ እቆም ነበር። ይሁን እንጂ በቀስታ፣ ወደፊትም ወደኋላም እያለች፣ መብላት ጀመረች። ቀሚሷንም መልሼ አሰፋሁላት።

ሰኔ ሲገባ ሲስተሯ በደብራችን አዳራሽ ለእናቶች ስለ ልጆች የአእምሮ ጤና ልታስተምር መሆኗን ነገረችኝ። «ከኔ ይልቅ አንቺ ብትነግሪያቸው ይሰሙሻል። ከፈለግሽ ነው፤ ልጅሽንም አስቀድመሽ ጠይቂያት» አለችኝ። ልጄን ጠየቅኳት። ብዙ አሰበች። «ይሥቁብኝ ይሆን?» አለች፤ «አላውቅም» አልኳት። «ይሁን፣ ንገሪያቸው» አለች።

ጾም ተይዞ ነበርና ረቡዕ ቅዳሴ ከወጣ በኋላ አዳራሹ ሞላ። ልጄ ከኋላ ተቀመጠች። ሲስተሯ የምትለውን ብላ ማይኩን ሰጠችኝ። ተነሥቼ ቀና ስል ከፊት ለፊቴ ያች የማኅበራችን ሴት፣ ከእሷ ቀጥሎ ያች በስልክ ጉዳይ የመከርኳት ጎረቤቴ ተቀምጠዋል። ሁለቱም በደግ ዓይን ያዩኛል። «አንዲት እናት አውቃለሁ» አልኩ።

እንዲያ ልል አልነበረም የተነሣሁት። አንዴ ከወጣ በኋላ ግን ሸጋ አድርጌ ተረክሁት። ዝናቡን፣ ስግደቱን፣ የቆሰለውን ጉልበት፣ ሁሉን ነገርኳቸው፤ ያልነገርኳቸው የማን ልጅ እንደሆነች ብቻ ነው። «ያች እናት ምን ያህል ሞኝ ነበረች» ስል ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እኔም አብሬ ነቀነቅኩ። ሲያበቃ አጨበጨቡልኝ። ጭብጨባው ደስ አለኝ፤ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳፍረኝ ይኸ ነው።

ስንበተን አንዲት ሴት ክንዴን ያዘችኝ። አላውቃትም፤ ከማክሰኝት ዘመድ ልትጠይቅ መጥታ፣ ከዘመዷ ጋር ለቅዳሴ የገባች መሆኗን ነገረችኝ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «የኔም ልጅ እንደዚያችው ናት» አለችኝ። «በሩን ዘጋሁት አልዘጋሁት ስትል፣ ስትነሣ ስትተኛ ታነጋለች። ለባሌ እናት እንኳ አልተናገርኩም» አለችኝ እየተርበተበተች። «ሆስፒታል መሄድ እፈራለሁ። ያችን ያልሻትን እናት አሳዪኝ። እሷ አብራኝ ከሄደች እሄዳለሁ።»

የማኅበራችን ሴት ከአጠገባችን ቆማ ነጠላዋን ታስተካክል ነበር። «ሩቅ ናት» አልኳት። «ዛሪማ ናት ያለች።» ሴትዮዋ ክንዴን ቀስ ብላ ለቀቀችው። «ዛሪማማ ለኔ አይሆንም» አለች። እግዜር ይስጥልኝ ብላኝ ከሰው መኻል ገብታ ሄደች።

ልጄ ከኋላዬ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ቤት ገብተን ሥዕሉ ፊት ሄዳ ቆመች። እጆቿን አጣብቃ ትንቀጠቀጣለች፤ ግንባሯ በላብ ርሷል። ልትሰግድልኝ ነው ብዬ ልይዛት ተነሣሁ። አልሰገደችም። ዞራ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፤ ጉልበቷን በሁለት እጇ ጨምቃ ይዛ ብዙ ቆየች። ከዚያ «እማ» አለችኝ፣ «ዛሬ አልሰግድልሽም። ውሸቱ ያንቺ ነው። ሴትዮዋን ፈልጊያት።»

ወጥቼ ሮጥኩ። አዳራሹ ተዘግቷል። ወደ ማክሰኝት የሚሄዱት ሚኒባሶች ዘንድ ሄጄ በየመስኮቱ አንገቴን አስገባሁ፤ የለችም። ስሟንም የዘመዷንም ማንነት አልጠየቅኳትም። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣውን ሁሉ እስከ አያቱ የምጠይቅ ሴት፣ የሷን ስም አልጠየቅኳትም።

ከዚያ ወዲህ ለሁሉም ተናግሬያለሁ። ሲስተሯ በድጋሚ እናቶቹን ስትሰበስብ ማይኩን ተቀብዬ «ልጅቱ የኔ ናት» አልኩ። ለማኅበራችን ሴት ስለ ዓይኔ ነገርኳት፤ ለጎረቤቴ ይቅርታ ጠየቅኳት፤ ስፌት ቤቴ የሚገባ ሁሉ ይሰማዋል። መናገር ለኔ ምኑ ከበደ፤ መናገር የነበረብኝ ለአንዲት ሴት ነበር። በደብራችን ከማክሰኝት እንግዳ የመጣበትን ሰው ባጠያይቅ አላገኘሁም፤ ገበያ በዋለ ቁጥር ማክሰኝት እወርዳለሁ። እህል ተራ ዳር ቆሜ የሴቶቹን ፊት አያለሁ። አንዳንዷ «ምን ፈልገሽ ነው?» ትለኛለች፤ ሰው እያልኩ አልፋለሁ።

ስመለስ ልጄ ራቷን እየበላች ትቆየኛለች። ጎርሳ ቀና ትልና «አገኘሻት?» ትለኛለች።

«አላገኘኋትም» እላታለሁ።